ስም ተለዋጭ የለውም

ቃል ሁሉ የጓሮ በር አለው፤
ፊት ለፊቱ ሲዘጋብኝ ዞሬ በጓሮ የምገባው።
«ድንበር» ካነቀኝ «ወሰን» እላለሁ፣
«ወሰን» ካነቀኝ «እስከ አጥሩ ድረስ» ብዬ እዞራለሁ።
ሰው ይህን አያውቅም፤ «ቋንቋ አዋቂ» ይለኛል፣
«ዋሸራ ነው የዋለው፣ ካልሆነም ጎንጅ» ይለኛል።
የሸሸሁትን ቃል ማን ቆጠረልኝ?
ሰሙ ከአንደበቴ ይወርዳል፣ ወርቁ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረብኝ።

ስም ግን ተለዋጭ የለውም።
ጓሮ የለው፣ መስኮት የለው፣ በጣሪያም አያስገባም።

ሦስተኛ ክፍል፣ ቡሬ፣ አዲስ መምህር መጡ፤
ከፊት ወንበር ጀምረው ስም እየጠየቁ ወጡ።
ተራዬ ሲቃረብ ልቤ ከእግሬ በታች ወረደ፣
«ም... ም... ም...» አልኩ፤ ከንፈሬ ተጣብቆ ነደደ።
ከኋላ አንዱ ጮኸ፣ ዛሬ ሚኒባስ ያለው፦
«ምን ይችል? ስሙን እንኳ አይችል!» ክፍሉን በሳቅ ሞላው።
መምህሩም ሳቁ፣
ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

ምንይችል ነኝ። ስጽፈው ያምራል።

አያቴ ቢረሳው «በላ ልበልሃ!» ሲል፣
ኩታውን አጣፍቶ ዘንጉን ሽቅብ ሲሰቅል፣
በማር ይወራረድ ነበር፣ በበቅሎ፣ በሠንጋ፤
ቃል ሳያዛንፍ ሲሟገት እየመሸ እየነጋ።
የሙግቱ ፍቅር እኔ ዘንድ ደረሰ፤
ምላሱ በየት በኩል አፈሰሰ?

ሕግ ላጠና ነው ስል አባቴ ሞፈሩን አቁሞ አየኝ።
«ሒሳብ ሠራተኛ ብትሆንስ? ቁጥር አፍ አይጠይቅም» አለኝ።
እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤
ውኃው በረደኝ፣ ምላሴ እንዳለ ነው።
«ሙሴስ ኮልታፋ አልነበረም?» ብለው ቄሱ አጽናኑኝ።
አባ፣ ሙሴ አሮን ነበረው።
እኔ ያለኝ ሽባባው ነው፣ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ፣
በነሐሴ እንደ ላህ የሚሞላ፤ አንዴ ከጀመረ በቃ።

ሰኞ። ፍኖተ ሰላም። ሁለተኛው ችሎት።
ደንበኛዬ ወይዘሮ ትሁነኝ፤
«ት»፣ ከፊደል ሁሉ የከፋችው፣
ስሟን መዝገብ ላይ ሳየው ነው ሆዴ የባባው።
ከተማው ጠበቃ ሞልቶት ለምን እኔን? ብላት፣
«ሦስቱ ጋ ሄጄ ነበር፤ ሦስቱም ቃሌን ከአፌ ነጠቁኝ፣
አንተ እስክጨርስ ሰማኸኝ» አለችኝ።

ቆምኩ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ወይዘሮ ት...»
ት።
ት...
ምላሴ ከጥርሴ ጋር ተማማለ፣ ላይላቀቅ።
ጸሐፊዋ ጣቷን አንስታ ጠበቀች።
ሽባባው ሰዓቱን አየ፣ ቀስ ብሎ፣ እንድናየው።
ከኋላ አንድ ሽማግሌ አዝነውልኝ
ስሟን ሊሉልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ
እሷ ዞረች፦ «ይተዉት አባቴ።
የኔ ስም ነው፤ እሱ ይጥራው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፦
«በጽሑፍ ማቅረብም ይቻላል» አሉ። ደግነት ነበር።
ደግነትም አንዳንዴ የጓሮ በር ነው።
«በቃል ነው» አልኩ። ይኼ እንዴት እንደወጣ እንጃ።
«ት... ትሁነኝ።»
ከዚያ ስለ ማሳው፣ ስለ ግራሩ፣ ስለ ምልክት ድንጋዩ፤
ሽባባው በአሥር ደቂቃ የሚለውን በአርባ።
ግን አንድም ቃል አልሸሸሁ፤
«ድንበር» የሚባለው ቦታ ላይ «ድንበር» አልኩ፣
እየተሰበርኩ።

ፍርዱስ? ቀጠሮ ተሰጠን፣ ለጥር ሃያ ስምንት።
(«ጥ»ም አለች እንግዲህ።)

ከፍርድ ቤቱ ማዶ ሻይ ቤት አለ።
ሰባት ዓመት ቡና ጠጣሁበት፣ ሻይ እየወደድኩ፣
«ቡ» ስለማታስቸግረኝ ብቻ።
ልጅቷ መጣች፦ «እንደተለመደው ቡና?»
ራሴን ወዘወዝኩ።
«ሻ...» አልኩ። «ሻ...»
ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።
ባጃጅ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።
አልቸኮለችም።